በጋን ውስጥ የራባት እርሾ

ኑ ጠጋ በሉ፣ ልንገራችሁ! በወይዘሮ አስካለች የጠጅ ጋን ውስጥ ለዓይን የማትታይ አንዲት ሚጢጢ እርሾ ነበረች። እንዴት ታሳዝናለች መሰላችሁ! የማር ስኳር አማራት፤ ስኳሩ የሚገባበት በር ግን ገላዋ ላይ የለም። እሷ ካልበላች ጠጁ አይፈላም። የወይዘሮ አስካለች ልጅ ማስተዋል ደግሞ ልትዳር ነው፤ ለመልሷ የሚጠጣው ይኸው ጠጅ ነው።

እርሾ ሆዬ ፕሮቲን የሚባሉ ጥቃቅን ሠራተኞች በውስጧ አሏት። በር ሠሪውን ጠራችው።

«በር ሥራልኝ፣ ነፍሴ፤ ራበኝ።»

«አልሠራም! ዘበኛው የበሩ ንድፍ ላይ ተቀምጧል።»

ወደ ዘበኛው ሄደች። «ተነሣልኝ። በር ሠሪው አልሠራም አለ፤ እኔም ራበኝ።»

«አልነሣም! ጓደኛዬ ይዞኛል።»

ወደ ጓደኛው ሄደች። «ልቀቀው በሞቴ! ዘበኛው አልነሣም፣ በር ሠሪው አልሠራም አለ፤ እኔም ራበኝ።»

«አልለቅም! ማኅተመኛው ማኅተም መትቶ ካላሰናበተኝ ወዴት እሄዳለሁ?»

ወደ ማኅተመኛው ሄደች። «ምታበት እባክህ! ጓደኛው አልለቅም፣ ዘበኛው አልነሣም፣ በር ሠሪው አልሠራም አለ፤ እኔም ራበኝ።»

«አልመታም! ቀማሹ ካልጮኸልኝ እጄን አላነሣም።»

ቀማሹ ቆዳዋ ላይ ቆሞ ምላሱን ወደ ውጭ አውጥቷል። «ጩኽ እንጂ አንተ! ማኅተመኛው አልመታም፣ ጓደኛው አልለቅም፣ ዘበኛው አልነሣም፣ በር ሠሪው አልሠራም አለ፤ እኔም ራበኝ።»

«ምን ብዬ ልጩህ? ማር መቼ ቀመስኩ? ውሃ ውሃ ነው የሚለኝ!»

ማሩማ እዚያው ጋኑ ውስጥ ከታች ዘቅጦ ተኝቷል። «አልመጣም! ማን አማሰለኝ?» አላት። እርሾዬ አለቀሰች።

ከጋኑ ውጭ ደግሞ የወይዘሮ አስካለች ባል አቶ ደምለው ጆሮውን ጋኑ ላይ ለጠፈ። «አስካሉ፣ ዝም ብሏል እኮ! ልክፈተው?»

«ኧረ አትክፈትብኝ! ዓይን ይገባበታል!»

«ለመሆኑ በጥብጠሽዋል?»

ወይዘሮ አስካለች አፏን ያዘች። «ውይ ጉዴ! ዓይን ፈርቼ ማሩን እንደ ገለበጥኩ ከደንኩት! ምነው እጄን በሰበረው! ልጄን ጉድ ሠራኋት!»

«በይ አታልቅሺ የኔ እመቤት። አሁኑኑ አማስዪው። ዓይን ከሆነ የፈራሽው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጋኑን እይዝልሻለሁ።»

ጨፍኖ ያዘላት፤ እሷም እየሳቀች እያለቀሰች አማሰለችው።

ያኔማ ምን ልበላችሁ! ማሩ ተነሣ፣ ቀማሹ ቀመሰና ጮኸ፣ ማኅተመኛው መታ፣ ጓደኛው ለቀቀ፣ ዘበኛው ተነሣ፣ በር ሠሪው በር ሠራ፣ ስኳሩ ዘው አለ። እርሾዬ በላች! እፎይ ብላም አረፋዋን ቡልቅ አደረገች።

ሲውል ሲያድር ጋኑ ተንጫጫ፤ ጠጁም ደረሰ። በመልሱ ዕለት ማስተዋል ከብርሌው ጎንጨት አለችና ብድግ ብላ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ጠጅ ጠጥቼ አላውቅም!»

ጠጁ አለቀ፤ ተረቴም አለቀ።