ወንዙ ሲሞላ ዝም የሚለው ሳይረን

እኛ መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮግራም ለፍተሻ በቀረበ ቁጥር ከባልደረቦቼ አንዱ የሚጥላት አባባል አለች። ወጣቶቹ ከጥንት የመጣች ይመስላቸዋል። እኔ ግን ስትወለድ ስለነበርኩ አመጣጧን ልናገር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ከውጭ ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩ በዓመቱ፣ ርብ ወንዝ ዳር ላለች አንዲት መንደር የጎርፍ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሠራሁ። በየጥቂት ሰከንዱ የውሃውን ከፍታ ይለካል፤ ውሃው ከቀዩ መስመር ካለፈ ሳይረን ያስጮኻል። ፕሮግራሙን የጻፍኩት ሲ (C) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በጋውን ሙሉ እንከን አልነበረውም። ነሐሴ ሲገባ ግን በየጊዜው ቀጥ ማለት ጀመረ። አጥፍቼ ሳበራው ይነሳል። ምክንያቱን ሳላውቅ ሦስት ጊዜ እንዲሁ አስነስቼ ተመለስኩ።

በአራተኛው ጊዜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስደርስ፣ መሣሪያውን የሚጠብቁት አያ ቢያድግልኝ አጠገቡ ቆመዋል። በጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ዛሬስ ታድነዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቀስቅሰኸው ትሄዳለህ?» አሉኝ።

«ሳይገባኝ አልሄድም፣ አያ።»

«ባለቤቴና ልጄ ታች ሩዝ እያረሙ ነው። ድሮ ወንዙን የሚያይ ሰው እናቆም ነበር። አንተ ይሄን ስትተክል ተውነው።»

አስነሳሁትና ላፕቶፔን ሰክቼ እከታተል ጀመር። የደፈረሰው ውሃ ግንድና ቅጠል እየገፋ ሲመጣ መለኪያው «ስህተት፣ ስህተት» ይላል። በእያንዳንዱ ስህተት የመሣሪያው ነፃ የማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታ ትንሽ ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እያየሁት አለቀ፤ መሣሪያው ቀጥ አለ። ያኔ ገባኝ። በጋ ስህተት ስለሌለ አይሞትም። የሚሞተው ወንዙ ሲቆጣ ብቻ ነው።

ቀና ስል ውሃው ቀዩን መስመር አልፏል።

«አያ፣ ይሄ አይጮህም፤ እስክቀሰቅሰውም ጊዜ የለም።»

የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ እሳቸው ናቸውና ወደ ቤታቸው ሮጠው ጡሩምባውን ይዘው መጡ፤ ወደ ማሳው ዞረው ነፉ። መርዶ የመሰለው ሰው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ወደ ላይ ወጣ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ደረሱ።

«ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም። ልጅቷስ?»

«ከኋላዬ ነበረች» አሉና ዞሩ። ከኋላቸው ማንም የለም። ማሳው ላይ ውሃው እየተዘረጋ ነው።

ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም። የወይዘሮ ፈንታነሽ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ አንድ በሬ እየዋኘ ብቅ አለ፤ ልጅቷ ጭራውን በሁለት እጇ ይዛለች።

አያ ቢያድግልኝ ጋቢያቸውን አልብሰዋት ሲያበቁ ወደ እኔ መጡ።

«መሣሪያህ ምን ሆኖ ነው?»

«ለእያንዳንዱ ልኬት ማስታወሻው ውስጥ አንድ ክፍል ይከፍታል። ሲሳካለት ዘግቶ ይወጣል፣ ክፍሉም ይለቀቃል፤ እንደዚያ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ሲሳሳት ግን ከመሃል ሮጦ ይወጣል፤ ክፍሉ እንደተያዘ ይቀራል። ክፍሎቹ ሲያልቁ ይሞታል።»

«መዝጊያውን በሰላም ለሚወጣው ብቻ ነው የሠራኸው በለኛ።»

«አዎ። አሁን በስህተትም ሲወጣ በመዝጊያው በኩል እንዲያልፍ አደርጋለሁ። ግን እሱ ራሱ ይዘጋል ብዬ እንዴት አመንኩ?»

የልጃቸውን እርጥብ ሻርፕ እየጨመቁ፣ ሳያዩኝ፣ «የደነገጠ እንግዳ በር አይዘጋም» አሉ።