ነጠላና ካባ

አንድ ፊታውራሪ ነበሩ አሉ፤ አምና ከጦር ሜዳ ካባቸውን ጥለው የሸሹ። ዘንድሮ አዲስ ካባ ደርበው ችሎት ተሰየሙ። አንዲት የድንበር ክስ ያላት ሴትዮ ፊታቸው ቆማ ስትናገር፣ ድንገት ሙቀት ከደረቷ ተነስቶ ፊቷን አጋለው። ነጠላዋን ጣለችና በእጇ ታራግብ ጀመር።

«በጌታ ፊት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«የወር አበባዬ ሊቋረጥ ሲል የመጣብኝ ሙቀት ነው፣ ጌታዬ። ነፋስ ሲነካኝ ይተወኛል።»

ፊታውራሪ ሳቁባት። «ይህ የአሮጊት ሰበብ ነው። ጨዋ ሰው እሳት ቢለበልበው እንኳ ልብሱን በአደባባይ አይጥልም። የጣለ አንድ ጨዋ ጥሪልኝና እምርሻለሁ፤ አለዚያ ትገረፊያለሽ።»

ሴትዮዋ ላቧን ጠረገች።

«እርስዎን እጠራለሁ፣ ጌታዬ። እኔስ የጣልሁት ቆሜ ነው።»