በበርሜሉ ላይ የተለጠፈው ገብርኤል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ አይደለም፣ እኛው ሰፈር እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ማንያዘዋል፣ ስንዱና ልባርጋቸው። ሦስቱም አንድ መምህር ዘንድ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? አንዲት ስስ የብረት ቀለበት! የብረት በርሜል ውስጥ ከትተው ከውርጭ በላይ ሲያቀዘቅዟት ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ድካም ይሄድባታል፤ በማይክሮዌቭ ሞገድ ነካ ሲያደርጓት እንደ ደወል ብዙ ቆይታ ታስተጋባለች። ድምጿ ግን በጆሮ አይሰማም፤ ስክሪን ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው።

መምህሩ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ «ቀለበቷን አሳምሮ ላስዘመራት የክፍሉን ቁልፍ እሰጣለሁ» አሉ። ቁልፉን ያገኘ ይቀራል፤ ሌሎቹ ሌላ ሥራ ይፈልጋሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ሰምተው ዝም ሊሉ? ልጆቹ ሁሌ «ማቀዝቀዣው፣ ማቀዝቀዣው» ሲሉ ፍሪጅ መስሏቸዋል። እቤት ፍሪጃቸው ላይ የነበረውን ባለ ማግኔት የገብርኤል ስዕል ይዘው፣ ዘበኛውን አግባብተው ገቡና ከበርሜሉ ጀርባ ለጠፍ! «ይባርክላቸው» ብለው ወጡ።

ቀለበቷን አቀዘቀዟት፤ ደክማ ተገኘች። ማንያዘዋል መስመሩን አየት አደረገና፣ «ወደ ግራ ሸሽቷል፤ ወፍሯልም። ይቺ የማግኔት ሥራ ናት» አለ። በርሜሉን ዞሮ ገብርኤልን አገኘው። «ወይ እማዬ!» ብሎ እየሳቀ ነቀለው። ማንያዘዋል ባይኖር ቀለበቷ ተበላሸች ተብላ ትጣል ነበር።

ተነቅሎም መስመሩ ያው ወፍራም ነው። ስንዱ፣ «ስትቀዘቅዝ ማግኔቱ አጠገቧ ነበር፤ ጉልበቱ እንደ ክር ውስጧ ተይዞ ቀርቷል። ካልሞቀች አይለቃትም» አለች።

«ያን ሁሉ ቅዝቃዜ ልትደፊው? መምህሩ ሊሄዱ ነው እኮ! አብደሻል?» አላት ማንያዘዋል።

«አብጃለሁ» አለችና ማሽኑን አጠፋችው። ቀለበቷ ሞቀች፤ የተያዘው ሁሉ ለቀቀ።

ልባርጋቸው ደግሞ፣ «ዛሬ እማዬ ናት፤ ነገ ሌላ ሰው ነው» ብሎ ማግኔት የማያሳልፍ የብረት ቆብ ሠርቶ ደፋባት።

«ለቀለበት ካፖርት!» ብላ ስንዱ አፌዘችበት።

እንደገና አቀዘቀዟት። መስመሩ ቅጥን፣ ቀጥ ብሎ ቆመ! መምህሩ መሬት ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም። ከበርሜሉ ጀርባ ዞር ቢሉ ግን፣ ገብርኤል! ለካ እትዬ ጥሩወርቅ ቀለበቷ ሳትቀዘቅዝ መጥተው፣ ተነቅሎ ቢያገኙት ተናደው መልሰው ለጥፈውት ኖሯል። ቆቡ ባይኖር የስንዱ ድካም ሁሉ ገደል ይገባ ነበር።

እንግዲህ ማንያዘዋል ባያውቅ ስንዱ ምኑን ታወጣ ነበር? ስንዱ ባታወጣ የልባርጋቸው ቆብ ምን ይረባ ነበር? መምህሩ ቁልፉን ይዘው ሦስቱን እያዩ ቆመዋል። እናንተስ ብትሆኑ ለማን ትሰጡታላችሁ?