አያ ጅቦ መጠጥ ቤት የከፈተ ጊዜ

ተረት አለኝ፣ አምጣው በሉኝ። አመጣሁት፤ እናንተም ጆሯችሁን አምጡ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ተራበ። አህያው በበረት፣ በጉ በጋጣ ተዘጋበት። የቀረው ከገበያ የሚመለስ ጎረምሳ ነው። ጎረምሳ ደግሞ ዱላ አለው። አያ ጅቦ አሰበ፣ አሰበና ዱላውን የሚያስጥለው መጠጥ ነው አለ። በገበያው መንገድ ዳር ጎጆ ቀለሰ። በርኖስ ለበሰ፣ ሻሽ ጠምጥሞ ጆሮውን ሸፈነ፣ መጠጥ ሻጭ ሆነ። ሲያነክስ ያዩት ሁሉ፣ ምስኪን ሽማግሌ፣ ጦርነት ላይ ቆስለው ነው አሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል የለ!

በዚያ አገር ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። ትልቁ ደረበ ከአረቄ በቀር ሌላ አይነካም። መካከለኛው ጌጡ ጠጅ ይወዳል፤ ብርሌ ሲያይ አንገቱ ይሰግጋል። ትንሹ ይሁኔ ጠላ ነው፣ እሱንም ቀጠን ያለውን። ቅራሪ ጠጪ እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ወጉን ታውቃላችሁ። መጠጥ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። አያ ጅቦ ግን ለጌጡ ጠጅ ሳይቀምስ ቀዳለት። ይቅመሱልኝ እንጂ ቢለው፣ ቅምሻ ለፈሪ ነው፣ ለወንድ አይቀመስለትም አለው። ጌጡ ፈሪ ላለመባል ጨለጠው። ደገመ። ሠለሰ። ተዘረረ። ጅቡም ከጆሮው ጀመረ። ደግነቱ ጠጁ አልበረታምና ጌጡ ሕመሙ ቀስቅሶት ሮጠ። ማን እንደነከሰው እንኳ አላስተዋለም። ቤቱ ሲገባ ጆሮዬ በጠብ ተቆርጦ ነው ብሎ ዋሸ፤ አፍሮ ነው።

አያ ጅቦ ተናደደ። አረቄው ውስጥ የአስተናግር ፍሬ ወቅጦ ጨመረበት። አስተናግር የጠጣ ሰው አእምሮው ይዞራል፣ ያለ ነገር ይስቃል፣ ጠላቱም ወዳጁ ይመስለዋል። ብዙ ሳይቆይ እኒያ ሽማግሌ ዘንድ ወንድ የሚለይበት አረቄ አለ ተብሎ ተወራ። ደረበም እሱን የምጠጣው እኔ ነኝ ብሎ ተነሣ። እናቱ የጌጡን ጆሮ እያየች አለቀሰች፤ አልሰማትም። ይሁኔ ወንድሙን ይወድ ነበርና ተከተለው።

ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ጅቡ መለኪያውን ሞልቶ ለደረበ ዘረጋ። ይሁኔ፣ ይቅመሱለት አለ። ጅቡ ጾመኛ ነኝ አለ። ይሁኔ ሁለተኛ፣ ይቅመሱለት አለ። ጅቡ ጥርሴን ያመኛል አለ። ደረበ አፈረና፣ አታዋርደኝ ብሎ ወንድሙን ገፈተረው። መንገደኛው ቆሞ ማየት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጅቡ ኮራ።

«ቅምሻ ለፈሪ ነው አላልኩም?» አለ።

ይሁኔ ሦስተኛ ተናገረ፤ ድምፁን አላነሣም።

«እውነትዎን ነው አባ። እርስዎም ፈሪ አይደሉምና አይቅመሱት፤ ይጨልጡት።»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ጅቡ ግራ ቀኙን ቢያይ ዱላ ብቻ ነው። እምቢ ቢል ሊታወቅበት ሆነ። ጨለጠው። ጥቂት ቆይቶ ብቻውን መሳቅ ጀመረ። ሻሹን ፈታ፣ በርኖሱን ጣለ። ጠላቱ ወዳጁ መስሎት፣ የመንደሩን ውሾች አቅፎ ሊስም እየጨፈረ ወረደ። ውሾቹም ደህና አድርገው ተቀበሉት። ከአያ ጅቦ የተረፈው ጅራቱ ብቻ ነው።

ደረበ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ትንሽ ወንድሙን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ልጠጣው ነበር እኮ» አለ።

ይሁኔ ክንዱን ይዞ አነሣውና ወደ እናታቸው ቤት ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር፣ ቀድቶ የማይቀምስ፣ ሳይበላ አይመለስ ይባላል። የኔ ተረት እዚህ አለቀ፤ የናንተን አምጡና እኔም ልስማ።