ለአበባ መትከያ የተሸጠው ጋን

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሚባሉ እናት ነበሩ። አሁንም አሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ የሻረግ አግብታ ሳሪስ ትኖራለች። መካከለኛው ስንሻው የሚኒባስ ሹፌር ነው። የመጨረሻዋ ትርንጎ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሦስቱም እናታቸውን ይወዳሉ። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ አንዳቸውን እንዳትጠሉብኝ ነው።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከጉለሌ ሲነሱ ይዘውት የመጡ አንድ ትልቅ ጋን አላቸው። እኔና እሳቸው የአንድ ማኅበር ሰዎች ነን፤ የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ በየተራ እናወጣለን። ተራው እሳቸው ጋ ሲደርስ ከማኅበርተኛው አንድ ሰው አይቀርም። ጠላቸው ነዋ! ያ ጋን ስንት ዘመን በግራዋ እየታጠበ፣ በወይራ እየታጠነ የኖረ ነው። አዲስ ጋን እንደሆነ ጠላውን ራሱ ይጠጣዋል፤ የፕላስቲክ በርሜልማ ጭራሽ አታንሱብኝ።

ኮንዶሚኒየም ግን ለጋን አልተሠራም። በረንዳው ስላልበቃ ጋኑ መተላለፊያው ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን የሕንፃው ኮሚቴ ሰዎች መጡና «እማማ፣ ይሄ ነገር መንገድ ዘጋብን» አሏቸው። እሳቸውም ይሉኝታ ይዟቸው፣ «ኧረ እኔም መጣያ አጥቼ ነው እንጂ ምን ያደርግልኛል!» አሉ። እንዲህ የሚባለው እኮ ለሰው ፊት ነው። ኮሚቴዎቹ እንኳ ገብቷቸው ስቀው ሄዱ። ትርንጎ ግን አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ የምር አመነቻቸው።

ብዙም ሳይቆይ የሻረግ ወለደች፤ እናትየው አራሷን ሊንከባከቡ ሳሪስ ሄዱ። ትርንጎም «እማዬ ስትመለስ ቤቱ ሰፍቷት ታግኘው» ብላ ታጥቃ ተነሳች። እዚያው ሰፈር፣ ሰው የማይፈልገውን የቤት ዕቃ በኮሚሽን እየተቀበለ በቴሌግራም የሚሸጥ ሱቅ አለ። አሮጌውን ብፌ፣ እግሩ የወለቀውን ጠረጴዛ፣ ያበቃለትን ቴሌቪዥን አስጫነች። ጋኑንም አስጫነችው። ባለሱቋ ፎቶ አንስታ ለጠፈችና ከሥሩ «ጥንታዊ ጋን፣ ለአበባ መትከያ የሚሆን» ብላ ጻፈችበት። ለአበባ! እግዚኦ በሉ!

አራስ ስልክ አታይም፣ ዓይን ያፈዛል ይባላል። የሻረግ ግን ማንን ሰምታ፣ ልጇን አጥብታ ስትጨርስ ቴሌግራም ታገላብጣለች። እያገላበጠች ሳለ ጋኑን አየችው። አንገቱ ላይ ስንሻው በልጅነቱ በኳስ መትቶ የሸረፈው ቦታ አለ፤ በዚያ አወቀችው። «ተሸጧል» ይላል። ልትደብቅ ስትል እናትየው ከነገንፎ ማማሰያቸው መጥተው አዩባት።

«የኔ ጋን ነው?» አሉና ቁጭ አሉ። «ተራዬ ደርሷል እኮ። ኮንዶሚኒየም ገብታ ለስላሳ ማቅረብ ጀመረች ሊሉኝ ነው። ከዚያስ ማኅበሩን ብተወው ይሻለኛል።»

ከድሮው ሰፈር የቀራቸው ይኸው ማኅበር ብቻ ነው። የሻረግ የእናቷን እንባ ስታይ ሱቁ ደወለች። ባለሱቋ «የገዢ አድራሻ አንሰጥም» ብላ ድርቅ አለች። የሻረግም «እኔ አራስ ነኝ። አራስ አስለቅሰሽ እንቅልፍ ሊወስድሽ ነው?» አለቻት። ባለሱቋ ክው አለች፤ የአራስ እንባ ማን ይሸከማል? ገዢዋ ቢሾፍቱ የእንግዳ ማረፊያ የምትከፍት ሴትዮ መሆኗን ከነስልኳና ከነአድራሻዋ ነገረቻት። የሻረግ ለሴትዮዋ ብትደውል «ለውሃ ማውጫ ታቹን የሚበሳው ሰው እየመጣ ነው፤ አበባው ዛሬ ይተከላል» ብላ ዘጋችባት። ቀጥሎ የሻረግ የደወለችው ለወንድሟ ነው።

ስንሻው ተራ ይዞ፣ መኪናው ሞልቶ ሊወጣ ነበር። «ወገኖቼ ውረዱልኝ፣ የእናቴ ጉዳይ ነው» አለ። ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ ተራ አስከባሪው «አሁን ከወጣህ ሳምንቱን ሙሉ ተራ አታገኝም!» ብሎ ጮኸበት። «ይቅርብኝ!» አለና ትርንጎን መንገድ ላይ ጭኖ ወደ ቢሾፍቱ ገሰገሰ። ሲደርሱ ጋኑ በጎኑ ተጋድሟል፣ ሰውየው መሰርሰሪያውን አስነስቷል። ስንሻው ሰላምታም አልሰጠ፣ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለው።

ሴትዮዋ ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። «ገዝቼዋለሁ እኮ! በማን ግቢ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» አለች። ስንሻው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ትርንጎ ቀደመችው። «እትዬ፣ እውነትዎን ነው። የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ የእናቴን ልብ ሳላውቅ። እባክዎ አንዴ ብቻ አፍንጫዎን ወደ አፉ ያስጠጉልኝ» አለቻት፣ እንባዋ እየወረደ። ሴትዮዋ እያመነታች ጎንበስ አለች። ወይራው፣ ጌሾው ሁሉ አለ። ቀና ስትል ቁጣዋ በርዶ ነበር። «ይሄማ ሥራ ላይ ያለ ጋን ነው። ውሰዱት፤ ጠላው ሲደርስ ግን ጠርታችሁኝ ነው!» አለች። ሲመለሱ ትርንጎ ጋኑን አቅፋ የመኪናው ወለል ላይ ተቀመጠች። መኪናው በነጠረ ቁጥር ትከሻዋ ከወንበሩ ብረት ጋር ይጋጫል። ስትወርድ ትከሻዋ አብጧል፤ ጋኑ ግን ደህና ነው።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠላው ወጣ። ምን ልበላችሁ! የቢሾፍቷ ሴትዮም መጥታ ደጋግማ አስቀዳች። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተነሱ። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል። ከእንግዲህ በእኔ ቦታ ከልጆቼ አንዱ ይግባ። ጋኑም ከቦታው ጋር ነው» አሉ።

ሦስቱም ቦታውን ፈለጉት። ያኔ ነገሩ ጦዘ።

«እኔ ባላየውና አድራሻውን ባላወጣጣ ማን ያውቅ ነበር?» አለች የሻረግ።

«አውቀሽ ምን ልታደርጊ ኖሯል? ሶኬቱን ባልነቅል ይሄኔ ጽጌረዳ በቅሎበታል» አለ ስንሻው።

«ብትነቅለውስ? ሴትዮዋ ባትፈቅድ በእጃችን ይገባ ነበር?» አለች ትርንጎ፣ ትከሻዋን እያሻሸች።

እኛም ተከፋፈልን። አንዱ «የሸጠችው ልትሸለም ነው እንዴ?» ይላል፤ ሌላው «ይጣልልኝ ያሉት እናትየው አይደሉም ወይ?» ይላል። አንዷ «የሻረግ ባሏ ቤት ናት፣ ጋኑን ሳሪስ ልትወስድብን ነው» ስትል፣ ሌላዋ «ስንሻው ወንድ ነው፣ ማን ይጠምቅለታል?» አለች። «ተምሬ እጠምቃለሁ፣ ማን ይከለክለኛል!» ብሎ ሳቅ በሳቅ አደረገን።

የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው፣ «እንግዲያው እርስዎ ይምረጡ» ቢሏቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ።

«እኔ ከመረጥኩ ሁለቱ በእኔ ያዝናሉ፤ ያንን አልችለውም። እናንተ ምረጡ፤ ቅር ቢላቸውም በእናንተ ይበላቸው» አሉ።

ለሦስቱም ስጡ እንዳትሉኝ፤ የማኅበር ቦታ የሚያዘው በአንድ ሰው ነው። እኛ እየተከራከርን ጋኑን አሟጠጥነው እንጂ አልተስማማንም። እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ አይታ ካገኘችው፣ ሮጦ ከደረሰለት፣ ሸጣም ከመለሰችው፣ የእናታቸው ቦታ የሚገባው ለማን ነው?