ስንት ይበላል?

በአንድ ተራራ አናት ላይ ያለ ጤና ጣቢያ መብራቱ ከፀሐይ፣ ባትሪውም አንድ ብቻ ነበር። ደመና በዋለ ቁጥር የክትባቱ ፍሪጅ ይጠፋል። ታዲያ ኔትወርክ ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ስዊች ሊተከልለት ሲሆን፣ ኃላፊው አቶ ጥጋቡ ዕቃውን ራሴ እመርጣለሁ ብለው መጡ። አገሬውም ሊያይ ተሰበሰበ።

ባለሙያው ሁለት ስዊች አቀረበ፤ አንዱ መዳፍ የሚያክል፣ ድምፅ የሌለው፣ ሌላው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮህ ግዙፍ።

«ትልቁ ይተከል! መሥሪያ ቤቴን የሚመጥነው እሱ ነው» አሉ አቶ ጥጋቡ።

የጤና ጣቢያው ጥበቃ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረችና፣ በሩ ላይ እንደቆመች «ጌታዬ፣ ይሄ ስንት ይበላል?» አለቻቸው።

ሰውዬው ቱግ አሉ። «ማን ነው የበላው? ሻጩ የእህቴ ባል ቢሆንስ? በጨረታ ነው ያሸነፈው! በይ አሁኑኑ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ማን እንደበላ ተናገሪ፤ አለዚያ ከሥራሽ ተባረሻል!»

ሴትዮዋ ቆቧን አስተካከለች።

«እኔ እንኳ የጠየቅሁት ከባትሪው ስንት እንደሚበላ ነበር። የቀረውን የነገሩን እርስዎ ነዎት። አሁንም ትንሹን ይትከሉልን ጌታዬ፤ ባትሪያችን ሁለት ሆዳም አይችልም።»