ዝሆን የቆፈረው ኩሬ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ። አራዊት መርጠው የሾሙት ዝሆን፣ ወንዝ መድረስ የማይችሉ ደካሞች በበጋ እንዳይጠሙ ብሎ ኩሬ ቆፈረ። ከሞተ በኋላ ግን ኩሬውን ደለል እየሞላው ሄደ።

በዝሆን ተዝካር ቀን ሁሉም ሲያወድሰው የኤሊ ልብ ኩሬው ላይ ነበር። ሩቁን ወንዝ በእሷ እግር አትደርስበትም።

«አያ ከርከሮ፣ መቆፈሪያ ጥርስ አለህ። ዝናቡ ሳይመጣ ደለሉን እንጥረግ» አለችው።

ከርከሮ ተቆጣ። «እመት ኤሊ፣ አበዛሽው! ዝሆን የሠራውን እኛ ልንነካካ? ይልቅ ነፍስ ይማር በይና ቅመሺ!»

ኤሊ ብቻዋን ስትጭር ክረምቱ ደረሰ። ውሃውም ማረፊያ አጥቶ በደለሉ ላይ አልፎ ሄደ።

በጋ ሲገባ እግር ያላቸው ወንዝ ወረዱ። ሲመለሱ የኤሊን ባዶ ቅርፊት አገኙ። ከርከሮ የቅርፊቱን አቧራ ጠረገና አለቀሰ።

«ወይኔ! ዝሆን ቢኖር ኖሮ ይህ ይደርስባት ነበር?»